የጭቃ በሬና የእርሳስ ወታደር
ትንንሽ ምስሎችን ስለ መሥራትና ስለ ማሰባሰብ፤ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አካባቢ የተነሣ ታሪካዊ ማስታወሻ

መግቢያ

ታሪክ በተባለ ጊዜ በቅድሚያ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የጦር ሜዳ ውሎ፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች አሠራር፣ የብራናው መጽሐፍና የጥንቱ ሳንቲም ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ በወንዝ ዳር ተቀምጦ ከጭቃ ያበጀው በሬ የታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው አባባላችን በሌላ ጉዳይ የተነገረ ቢሆንም የልጅን የእጅ ሥራ ምን ያህል አቅልለን እንደምናይ የሚያሳይ ነው።

በሌላው ዓለም ነገሩ ከዚህ የተለየ መልክ ይዟል። ለልጆች መጫወቻ ተብለው የተሠሩ የወታደር፣ የጀግናና የእንስሳ ምስሎች ዛሬ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዝርዝራቸው በመጽሐፍ ይታተማል፤ በጨረታ ይሸጣሉ። እነዚህን ምስሎች ማሰባሰብ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ የንግድና የምርምር መስክ ከሆነ ቆይቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሰሜን ወሎ፣ በተለይም በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አካባቢ ልጆች የሚሠሯቸውን ትንንሽ ምስሎች ከዚህ ሰፊ ታሪክ ጋር አያይዞ መመልከት ነው። በአገራችን ማን ምን ሰበሰበ? ምንስ ተወ? በማስተማር ሙያ ላይ ለምንገኘው የማኅበሩ አባላትስ ምን ድርሻ ቀርቶልናል? የሚሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እናነሣለን። «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጠ መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ትንሹ ምስል በጥንት ዘመን

በአገራችን ከሸክላ ትንንሽ ምስል የማበጀት ልማድ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው የአርኪኦሎጂ ሊቅ አንሪ ደ ኮንተንሰን እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1959 ከአክሱም በስተደቡብ ምሥራቅ ሐውልቲ በተባለው ቦታ ባካሄደው ቁፋሮ፣ ከታወቁት የተቀመጡ ሴቶች የድንጋይ ሐውልቶች ጋር ከሸክላ የተሠሩ የከብት ምስሎችና የቤት አምሳያ ተገኝተዋል። ዘመናቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደሆነ ይታመናል። አጥኚዎች እነዚህን ምስሎች የሚመለከቷቸው በስለት መልክ ለአምልኮ እንደቀረቡ ዕቃዎች አድርገው ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከብቱን በትንሹ መቅረጽ የአዋቂ ሰው ሥራ፣ ያውም ከባድ ጉዳይ የተያያዘበት ሥራ ነበር ማለት ነው።

ክርስትና ከተስፋፋ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በግድግዳ፣ በሰሌዳና በብራና ላይ የሚሣለውን ሥዕል ስታከብርና ስታሳድግ ዙሪያውን የተቀረጸውን ሐውልት ወደ መቅደሷ አላስገባችም። በዚሁ በሰሜን ወሎ በላሊበላ፣ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ በቁመተ ሰው ልክ የተቀረጹት የቅዱሳን ምስሎች እጅግ የሚደነቁ ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱም ቢሆኑ ከዐለቱ ጋር እንደተያያዙ የቀሩ እንጂ ተነጥለው የቆሙ አይደሉም። በወሎ ምድር ከክርስትናው ጎን ለጎን ሥር የሰደደው እስልምናም ነፍስ ያለውን ፍጡር በምስል መቅረጽን የሚያበረታታ አልሆነም። ከዚህም የተነሣ በእጅ የሚያዝ፣ የሚገላበጥና ዙሪያውን የሚታይ የሰውና የእንስሳ ምስል ከአዋቂዎች ዓለም እየራቀ ሄዶ በልጆች እጅ ቀረ ለማለት ይቻላል። አዋቂው ቢሠራው «ጣዖት» ሊባል የሚችለው ምስል በልጅ እጅ ሲሆን ጨዋታ ነውና የሚቆጣው አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ለሸክላ ሠሪዎች ይሰጥ የነበረው ዝቅተኛ ግምት ነው። ጭቃን በጥበብ የሚያውቁት ሸክላ ሠሪዎች፣ ከቀጥቃጩ፣ ከሸማኔውና ከፋቂው ጋር፣ ለብዙ ዘመን ሲናቁና ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያስረዳል። ሸክላ ሠሪዋ ድስቱን፣ ጀበናውን፣ ምጣዱንና እንስራውን ሠርታ ለገበያ ታወጣለች፤ ኑሮዋ የተመሠረተው በሚፈለገው ዕቃ ላይ ነው። ለልጆች ዕቃ ዕቃ ጨዋታ የምትሆን ትንሽ ጀበና ወይም ድስት በጎን ብትሠራም፣ በስሟ ተለይታ ልትታወቅበት የምትችለውን ምስል እንድትቀርጽ የሚያደፋፍራት አልነበረም። የጭቃ ምስል ጥበብ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ከእረኛው ልጅ ዘንድ የተገኘው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ይመስለናል።

የሀብሩ ልጅ የሚሠራው

ሀብሩ በቀድሞው የየጁ አውራጃ ክልል የነበረ፣ ዛሬ በሰሜን ወሎ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። ዋና ከተማው መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። አገሩ በምዕራብ በኩል ወደ ደጋው ተራራ የተጠጋ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ነው። ዋናው እህል ማሽላ ነው፤ በዚሁ ወረዳ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱ የማሽላ ዘር ማሻሻል ነው። የመርሳ ፍራፍሬ በመንገደኛው ዘንድ የታወቀ ነው። ወንዝና ጅረት በየቦታው ስላለ ጭቃ አይታጣም።

የልጆቹም ሥራ ከዚህ መሬት የወጣ ነው። እረኛው ልጅ ከወንዝ ዳር የሚያጣብቅ ጭቃ ቆፍሮ፣ ጠጠሩን ለቅሞ፣ በመዳፉ እያሸ ያለሰልሰዋል። ከዚያ በኋላ አካሉን፣ አራቱን እግር፣ አንገቱንና ራሱን ከአንድ እብጠት ስቦ ያወጣል። ከሁሉ የሚጠነቀቀው ለሻኛውና ለቀንዱ ነው፤ ምክንያቱም በሬውን ከላሟ፣ ኮርማውን ከወይፈኑ የሚለየው በእነርሱ ነው። ቀንድ ሲሰበር በእሾህ ወይም በስንጥር ይተካል። ከአፋር በኩል ግመል ወደ ገበያው ስለሚወጣ ግመልም ከጭቃው መንጋ ውስጥ አይታጣም።

የማሽላው አገዳ ደግሞ ሌላው መሣሪያ ነው። የውጭው ልጣጭ ጠንካራ፣ ውስጡ ደግሞ ለስላሳ ነው። ልጁ ልጣጩን በጥርሱ ወይም በምላጭ እየላጠ እንደ ሚስማር የሚያገለግል ስንጥር ያወጣለታል፤ ለስላሳውን ውስጥ በልኩ እየቆረጠ በዚያ ስንጥር ያያይዘዋል። በዚህ ዘዴ ሞፈርና ቀንበር፣ ጎጆ፣ የዓይን መነጽርና ሰው ሳይቀር ይሠራል። ሙጫና ሚስማር ሳይኖር አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር ማጋጠም መቻሉ የሚናቅ ዕውቀት አይደለም። ሴቶች ልጆች ከቁራጭ ጨርቅና ከእንጨት አሻንጉሊት ያበጃሉ፤ በቆሎ በሚያሽትበት ወራት ደግሞ ከነፀጉሩ የተቆረጠው እሸት ፀጉሩ ተጎንጉኖ እንደ ልጅ ይታዘላል።

አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የእረኛው ልጅ አንድ በሬ ሠርቶ አያቆምም። ጥማዱን ይሠራል፤ ላሟን ከነጥጃዋ፣ ኮርማውን፣ በጉንና ፍየሉን ይጨምራል። በድንጋይ በረት ያጥርላቸዋል። ከጓደኛው ጋር ኮርማ ያዋጋል፤ ላም በበሬ ይለውጣል፤ ማታ ማታ ይቆጥራል። ይህ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ማሰባሰብ ነው። የጎደለውን ዓይነት የማሟላት ፍላጎት፣ ያላቸውን የማወዳደር ፉክክር፣ የመለዋወጥ ደንብ፣ ሁሉም በሀብሩ ሜዳ ላይ አሉ። የጎደለው ማስቀመጥ ብቻ ነው። በእሳት ያልበሰለው ጭቃ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ቀጣዩ ዝናም ሲመጣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ልጁም አያለቅስም፤ በሚቀጥለው ወራት አዲስ መንጋ ያበጃልና።

የአውራ ጎዳናው ለውጥ

ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩባቸው ዓመታት አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአሥመራ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠሩ የሀብሩ ልጅ አዲስ አውሬ አየ። ይኸውም የጭነት መኪና ነው። «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው የፊያት መኪና፣ ከእርሱም በኋላ የመጣው «ኤንትሬ» በዚህ ጎዳና ላይ ለብዙ ዓመታት ተመላልሰዋል። ከመኪናው ጋር ቆርቆሮው፣ ሽቦው፣ የጠርሙስ ቆርኪውና አሮጌው ጎማ መጡ።

በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች የሚኖሩ ልጆች ከእነዚህ ውዳቂዎች መኪና መሥራት ጀመሩ። ሽቦው ታጥፎ አካል ይሆናል፤ ቆርኪው ወይም ከጫማ ሶል የተቆረጠ ክብ ጎማ ይሆናል፤ ረጅም ዘንግ ይቀጠልበትና ልጁ ቆሞ መሪውን ይዞ ይነዳዋል። የሽቦው መኪና ከጭቃው በሬ የሚለየው በዕድሜው ነው፤ ዝናም አያፈርሰውም። ስለዚህም ባለቤትና ዋጋ ያለው፣ በሳንቲም ወይም በብይ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ቆርኪውም ራሱን ችሎ የሚሰበሰብና የሚጫወቱበት ሀብት ሆነ። እንዲህ እያለ በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ ገበሬውን የሚመስለው ልጅ ሾፌሩንም መምሰል ጀመረ። የልጆችን ምስል በዓመተ ምሕረት ከፋፍሎ ያስቀመጠ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የአካባቢውን የኢኮኖሚ ለውጥ ከዚያ ብቻ ማንበብ በተቻለ ነበር።

የእርሳሱ ወታደርና የ1928 ዓ.ም. ጦርነት

ወደ አውሮፓ ስናልፍ፣ የወታደር ምስሎችን ማሰባሰብ በመጀመሪያ የመሳፍንት ልጆች ጨዋታ እንደነበረ እናያለን። ይህን ወደ ተራው ሕዝብ ያወረደው የሥራ ዘዴ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በለንደን የሚገኘው የብሪተን ቤተሰብ ድርጅት ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር የሚወጣበትን መንገድ አገኘ። የቀለጠው እርሳስ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል፤ ዳር ዳሩ ሲረጋ ገና ያልረጋው መካከሉ ተመልሶ ይደፋል። በዚህ ምክንያት ምስሉ ቀላልና ርካሽ ሆነ። ቁመቱም 54 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሆን ስለተወሰነ አንዱ ከሌላው ጋር ሊሰለፍ ቻለ። ማሰባሰብ እውነተኛ መሠረት ያገኘው ይህ የመጠን አንድነት በመጣ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ድርጅቱ በዓለም ላይ ጦርነት በተነሣ ቁጥር የተዋጊዎቹን ምስል ቶሎ አውጥቶ የመሸጥ ልማድ ነበረው። የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኛና የኢትዮጵያ ባላገር ተዋጊ ምስሎች ከጣሊያን ወታደሮች ምስል ጋር ለገበያ ቀረቡ። የእንግሊዝ ልጅ በጋዜጣ ያነበበውን ጦርነት ምንጣፍ ላይ አሰልፎ ሊያዋጋው ቻለ።

በዚያው ወራት በእኛ አገር የሆነው የታወቀ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ተደረገ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ከአውሮፕላን በሚወርድ ቦምብና በመርዝ ጋዝ እየተደበደበ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የጠላት ጦር ከአሸንጌ ሐይቅ ተነሥቶ በቆቦና በወልድያ በኩል ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በላሊበላ ሱባዔ ይዘው ከቆዩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ሚያዝያ 24 ቀን ከመዲናዪቱ ወጡ። በለንደን ሱቅ ሣጥን ውስጥ ቀለም ተቀብቶ የተሰለፈው ኢትዮጵያዊ ወታደርና የደከመው፣ የቆሰለው፣ በየጁ ምድር አልፎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ኢትዮጵያዊ ወታደር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊና ዝርዝሩ የተመዘገበ ነው። ከሁለተኛው መካከል ግን ስሙ እንኳ ያልተመዘገበለት ብዙ ነው።

ይህን የምንለው ሰብሳቢዎችን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም በእነርሱ ትጋት ምክንያት፣ በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ኢትዮጵያን እንዴት ይመለከቷት እንደነበር የሚያሳይ ቁሳዊ ማስረጃ ተርፎልናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመጫወቻ ሥራ ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹም እርሳስ ለልጆች ጤና አደገኛ መሆኑ ታውቆ ፕላስቲክ ተተካ። የ1928ቱ ወታደሮች ብርቅ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአሻንጉሊት ወደ «አክሽን ፊገር»

እ.ኤ.አ. በ1959 ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባርቢ የምትባለውን አሻንጉሊት አውጥቶ ከፍተኛ ትርፍ አገኘ። ተወዳዳሪው ሃስብሮ ተመሳሳይ ነገር ለወንዶች ልጆች ለማቅረብ ፈለገ፤ ነገር ግን የአሜሪካ አባት ለወንድ ልጁ አሻንጉሊት አይገዛም የሚል ፍርሃት ነበረበት። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1964 «ጂ.አይ. ጆ» የተባለውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለውንና መገጣጠሚያዎቹ የሚታጠፉትን ወታደር ሲያወጣ «አሻንጉሊት» የሚለው ቃል ፈጽሞ እንዳይነሣ አድርጎ «አክሽን ፊገር» አለው። ስሙ የመጣው ከገበያ ብልሃት መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ለውጥ ከሲኒማ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 «ስታር ዎርስ» የተባለው ፊልም በታየ ጊዜ ምስሎቹን እንዲሠራ ውል የያዘው ኬነር የተባለው ድርጅት ለገና በዓል አልደረሰለትም። ስለዚህ ምስሎቹ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚላኩ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለበት ባዶ ካርቶን ሸጠ። ወላጆችም ገዙት። ከዚያ ወዲህ 9.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ትንሽ ምስል የገበያው መለኪያ ሆነ። አነስ በማለቱ ዋጋው ቀነሰ፤ ልጁም አንድ ጀግና ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የታሪኩን ሕዝብ ለመሰብሰብ ተመኘ።

እነዚያ ልጆች አድገው ደመወዝተኞች በሆኑ ጊዜ የልጅነታቸውን ምስሎች መልሰው መግዛት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጂ.አይ. ጆ የመጀመሪያው ናሙና በ200,000 የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል። በዚህ ገበያ ከሁሉ ይልቅ ውድ የሚሆነው ከማሸጊያው ያልወጣው፣ ልጅ ፈጽሞ ያልተጫወተበት ምስል ነው። የሀብሩ የጭቃ በሬ ግን ዋጋ ያለው በጨዋታ ላይ እያለ ብቻ ነው። አንደኛው ዓለም ምስሉን ለማዳን ጨዋታውን ይተዋል፤ ሌላው ለጨዋታው ሲል ምስሉን ይተዋል። ለእኛ የሚሻለው ሁለቱንም በመጠኑ መያዝ ነው፤ ይኸውም ልጁ ሳይከለከል፣ ከሠራው ጥቂቱ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። በኒው ዮርክ የተመሠረተው ኤቲዶልስ የተባለው ድርጅት ንግሥት ማክዳን በአሻንጉሊት መልክ ማቅረቡ፣ ልጆቻቸው የራሳቸውን መልክና ታሪክ በእጃቸው ይዘው እንዲያድጉ ከመፈለግ የመነጨ ነው።

ሰብሳቢው በእኛ አገር

በወሎ ምድር «ስብሰባ» የተባለው ሥራ በመጀመሪያ የታወቀው በክፉ መልኩ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ የሚሆነውን መረጠ፤ የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ለጨረታ ቀረበ። ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱና ብራናው ተወሰደ። ገንዘብ የማያወጣው ግን ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሰብሳቢ ሳይንስን የያዘ ነበር። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጂቡቲ የጥናት ጓድ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን አቋርጦ ሲጓዝ በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ቆይቶ ነበር። ጓዱ በጠቅላላው ከ3,500 በላይ ዕቃዎችን ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ ከእነዚህም መካከል በምትካቸው አዲስ ቅጂ ተሥሎ የተነሡት የጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይገኛሉ። ስለ ዕቃዎቹ አወሳሰድ ብዙ ሊባል ይቻላል። ዳሩ ግን ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች አንድ መጽሐፍ ማሳተሙን መዘንጋት አይገባም። የልጅን ጨዋታ እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ መመዝገብ እንደሚቻል ያሳየው ከውጭ የመጣ ሰው መሆኑ ሊያስቆጨን ይገባል።

በአገራችን የተደረገው ጥረት የሚመሰገን ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በመጀመሪያው ዳይሬክተር በሪቻርድ ፓንክኸርስትና በሙዚየሙ ኃላፊ በስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ትጋት ከየክፍላተ ሀገሩ የባህል ዕቃዎችን ሰብስቧል። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው ሙዚየም ዕቃዎቹን በልጅነት፣ በጉልምስናና በሞት ቅደም ተከተል ማሳየቱ ልጅነት ራሱን የቻለ የባህል ክፍል መሆኑን የተቀበለ አቀማመጥ ነው።

ሌላው የሚጠቀሰው ምሳሌ ከጎንደር ወጣ ብላ የምትገኘው የወለቃ መንደር ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ከምጣዱና ከጀበናው ሌላ አንበሳን፣ ወፍን፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን እየቀረጹ ለጎብኚዎች ይሸጡ ነበር። ምስሎቹ በብዙ አገር ሰዎች ቤት ገብተዋል። ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. በተደረገው ጉዞና ከ14,000 በላይ ሰዎች በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን በተወሰዱበት ጊዜ አገር ለቀው ሲሄዱ፣ ሥራው ለቀሩት ጎረቤቶች ተላለፈ። ቅርጹ ተርፏል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀራጮች ስም ግን አብዛኛው ገዢ አልጠየቀም። ምስሉ በመደርደሪያ ላይ አለ፤ የሠራችው ሴት ማን እንደነበረች የሚናገር ጽሑፍ ግን የለውም።

ስለ ምን አሁን?

የልጆች ምስል ዋጋ ስለሌለው ከዘራፊም ከሰብሳቢም እጅ አመለጠ፤ በዚያው ምክንያት ግን ከታሪክም እንዳያመልጥ ያሰጋል። ስጋታችንን የሚያጠነክሩት ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የቅርቡ ጦርነት ነው። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ቆይተዋል። ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ንብረት አጥተዋል፤ የደሴ ሙዚየም ቅርሶችም ተዘርፈዋል። በአንድ ቦታ የተከማቸ ቅርስ በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሁለተኛው በየሱቁ የሚሸጠው ከውጭ የሚገባ የፕላስቲክ መጫወቻ ነው። ልጅ በፕላስቲክ ጀግና መጫወቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን የሀብሩ ልጅ በሬ ከጭቃ ማውጣትን፣ አገዳን በስንጥር ማያያዝን የሚማረው ከታላቁ እያየ ነው። አንድ ትውልድ ሳይሠራው ካለፈ የሚቀጥለው ከማን ያየዋል?

ምን እናድርግ?

ለዚህ ሥራ ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም። በአንድ ትምህርት ቤት የሚገኝ አንድ መምህር ሊጀምረው ይችላል። አካሄዱን በአጭሩ እናመለክታለን።

በመጀመሪያ፣ ከምስሉ በፊት ቃሉ ይመዝገብ። የሠሪው ዕድሜ፣ ቀበሌው፣ ጭቃው ወይም አገዳው የተገኘበት ቦታ፣ ወራቱ፣ ምስሉ በልጆቹ ቋንቋ የሚጠራበት ስምና የጨዋታው ደንብ ይጻፍ። ይህ ሁሉ የሌለው ምስል ከወለቃው ዕጣ አይድንም።

ሁለተኛ፣ ከጭቃው ጥቂቱ በእሳት ይብሰል። የልጆች ጭቃ በሰፈሩ ሸክላ ሠሪ ምክር ቢዘጋጅ መልካም ነው፤ እርሷ ከጭቃዋ ጋር የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ የምትደባልቀው በእሳት ውስጥ እንዳይሰነጠቅ ነውና። ወፍራም ምስል እርጥበቱ ሳይወጣለት እሳት ካገኘው ይፈነዳል፤ ስለዚህ በጥላ ውስጥ ብዙ ቀን ይድረቅ። ሸክላ ሠሪዋን እንደ መምህርት ወደ ክፍል መጥራት ደግሞ ከ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ በቃል የተባለውን በተግባር መፈጸም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የማይበስለው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከአጠገቡም ማስመሪያ ይቀመጥ፤ መጠኑ እንዲታወቅ። የፎቶግራፉና የመዝገቡ ቅጂ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ማለትም በትምህርት ቤቱ፣ በወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤትና በዩኒቨርሲቲው ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ከልጁ ሳይጠየቅ ምንም አይወሰድ። የመቅደላንና የአባ እንጦንስን ታሪክ የምናውቅ ሰዎች በትንሹ ልጅ በረት ላይ ያንኑ ልንደግም አይገባም። ልጁ «ይህቺን አልሰጥም» ካለ ፎቶግራፏ ይበቃል።

ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ በወልድያ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳና በሲሪንቃ ትምህርት ቤቶች የተሰበሰበው ጎን ለጎን ቢታይ፣ ከሌላ ምንጭ የማናገኘውን ብዙ ነገር ሊነግረን ይችላል። በየትኛው ቀበሌ በሬው ለመኪናው ቦታ ለቀቀ? ግመሉ እስከ የትኛው ከፍታ ይወጣል? ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩት ምስሎች ምን ያሳያሉ? ድርቅ በሆነበት ዓመትስ የጭቃው መንጋ ይቀንሳል ወይስ ይበዛል? እነዚህ የታሪክ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም በሀብሩ ወንዞች ዳር በየዓመቱ ይሠራል፤ በየዓመቱም ዝናም ይወስደዋል። በሚመጣው መስከረም ትምህርት ሲከፈት የማኅበራችን አባላት አንድ ደብተርና አንድ ሣጥን አዘጋጅተው ቢጀምሩ፣ የሚቀጥሉት የዚህ መጽሔት እትሞች የመጀመሪያውን ዝርዝር ለማተም ዕድል ያገኛሉ።